ለየትኛው ጥያቄ ነው የምንመልሰው? የውጫሌ ውልና የታሪክ ጥያቄ ደረጃዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዓድዋን ድል ለማሰብ በካልጋሪ ከተማ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ተሰብስበን ነበር። የዕለቱ ንግግር ተደርጎ፣ ግጥም ተነቦ፣ ለጥያቄ ጊዜ ሲሰጥ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተነሣች። አማርኛዋ በመጠኑ ይሰናከል ነበር፤ ጥያቄዋ ግን የተሰናከለ አልነበረም። «ዓድዋ የመጣው በውጫሌ ውል ምክንያት ከሆነ፣ ንጉሡ መጀመሪያውኑ ያንን ውል ለምን ፈረሙ?» ስትል ጠየቀች።

የተሰጣት መልስ አራት ዓይነት ነበር። አንድ አባት ስለ ዘማቾቹ ጀግንነት ተረኩላት። ሌላው ኢጣሊያኖች አታላዮች እንደነበሩ አስረዷት። ሦስተኛው ተናጋሪ ጥያቄው ራሱ ምኒልክን ለማሳነስ የታሰበ ነው ብለው ተቆጡ። አራተኛው በተቃራኒው፣ «መረብ ምላሽን ለመሸጥ ነዋ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ልጅቱን ያስታወሰ አልነበረም። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰብሳቢ የነበርነው እኛም «ሰዓት አልፏል» ብለን ስብሰባውን ዘጋን። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት አልመጣችም።

ያንን ምሽት ደጋግመን ስናስበው አንድ ነገር ግልጽ እየሆነልን መጣ። መልስ የሰጡት ሰዎች ታሪክን የማያውቁ አልነበሩም፤ ከመካከላቸው ብዙ ያነበቡም ነበሩ። ጉድለቱ መልሶቹ ልጅቱ ላልጠየቀችው ጥያቄ የተሰጡ መሆናቸው ነው። እርሷ የጠየቀችው ስለ ምክንያት ነበር፤ የተመለሰላት ግን አንዱ ስለ ድርጊት፣ ሌላው ስለ ጥፋተኝነት፣ የቀሩት ስለ ፍርድ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው፦ በስደት የምንኖር የኢትዮጵያ ምሁራን ስለ ታሪካችን የምናካሂደው ክርክር ፍሬ ያጣው ማስረጃ አንሶን ሳይሆን፣ የጥያቄዎቻችንን ደረጃ ለይተን ስለማናውቅ ነው። ለምሳሌነት የምንወስደውም ያችው ልጅ ያነሣችውን የውጫሌ ውል ይሆናል።

፩. የጥያቄ ደረጃ ስንል

እንግሊዛዊው የታሪክና የፍልስፍና ምሁር አር. ጂ. ኮሊንግዉድ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ውስጥ፣ አንድን አባባል እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ከማለት በፊት ለየትኛው ጥያቄ መልስ ሆኖ እንደቀረበ ማወቅ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ የሚቃረን የሚመስል ነገር ሲናገሩ፣ ብዙ ጊዜ እየመለሱ ያሉት ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው።

ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በአገራችን ነባር የሙግት ሥርዓት ባለጉዳዮች «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን የሚመልስ ሰው በዳኛውም በታዳሚውም ፊት ይታወቅበት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ደግሞ የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በተለያየ መንገድ ሲያፍታታ፣ ሁለተኛው ፍች የመጀመሪያውን አያፈርስም፤ እያንዳንዱ በየመልኩ ይቆማል። ነገር ግን ንባቡን ያላደላደለ ተማሪ ወደ ትርጓሜው አይሻገርም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ብሂልም የሚያስተምረው ቅደም ተከተልን ነው። ይህን ሁሉ የወረስን ሰዎች ስለ ገዛ ታሪካችን ስንነጋገር ሥርዓቱን መዘንጋታችን ያሳዝናል።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ የታሪክ ጥያቄዎችን በአራት ደረጃ እንከፍላቸዋለን። የመጀመሪያው «ምን ተደረገ?» የሚል የድርጊት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ይህን በምን እናውቃለን?» የሚል የማስረጃ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው «ለምን ሆነ?» የሚል የምክንያት ጥያቄ ነው። አራተኛው «ምን እንፍረድ? ለእኛስ ምን ማለት ነው?» የሚል የፍርድና የትርጉም ጥያቄ ነው። አከፋፈሉ ለሥራ እንዲያመች የተደረገ እንጂ የማይለወጥ ሕግ አለመሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንሻለን።

፪. ምን ተደረገ?

የመጀመሪያው ደረጃ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውስጥ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያ መልእክተኛ በኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ንጉሡ በዚሁ ለመጠቀም ተስማምተዋል ወደሚል ግዴታ አዞረው። 19ኛው አንቀጽ ደግሞ ሁለቱ ቅጂዎች በፍጹም የሚስማሙና እኩል ሥልጣን ያላቸው መሆናቸውን ይደነግጋል። መስከረም ሊብት ሲል ራስ መኮንን ኢጣሊያ አገር ሄደው ተጨማሪውን ውል እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1889 ፈረሙ፤ በዚሁ ስምምነት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ። ከዐሥር ቀን በኋላ የክሪስፒ መንግሥት በ17ኛው አንቀጽ መሠረት ኢትዮጵያ በኢጣሊያ ጥበቃ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ የንግሥና በዓላቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ ሲያበሥሩ፣ ከለንደን የመጣው መልስ ጉዳዩ በኢጣሊያ በኩል እንዲያልፍ የሚያደርግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1893 ውሉ ፈረሰ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1896 በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ አንዳች ገደብ ተቀበለች።

ይህን ደረጃ የሚንቁ ወዳጆች አሉን። «ቀንና አንቀጽ መቁጠር የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ትርጉሙ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ ወዳጆች አንድ ምሳሌ ብቻ እናቅርብ። ከዓድዋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1902 እና በ1908 በተደረጉ ውሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን በጽሑፍ ተወሰነ። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በከፈቱት ጦርነት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ካለቁ በኋላ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ውሳኔውን የሰጠው የድንበር ኮሚሽን ከገጠሙት ከባድ ጥያቄዎች አንዱ፣ የ1900ው ውል በለሳና ሙና ብሎ የጠራቸው ወንዞች በመሬት ላይ የትኞቹ ናቸው የሚል ነበር። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ጥያቄ ነው። የጸሐፊ ሥራ ብለን የናቅነው ነገር የሰው ሕይወት የሚመዘንበት ሆኖ ተገኘ።

፫. በምን እናውቃለን?

ከአራቱ ደረጃዎች በእኛ ዘንድ እጅግ የተረሳው ሁለተኛው ነው። በስብሰባዎቻችን «አንቶኔሊ ሆን ብሎ አታለለ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሎት መዝጊያ ይነገራል። ለመሆኑ በምን እናውቃለን?

በዚህ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሁለት የውጭ አገር ምሁራን መካከል የተካሄደው ክርክር ሊጠና የሚገባው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲያችን ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት የሁለቱን ቅጂዎች ቃላት፣ የአንቶኔሊን ዘገባዎችና የደብዳቤዎቹን ቅደም ተከተል መርምረው ኃላፊነቱ በአንቶኔሊ ላይ እንደሚወድቅ ተከራከሩ። ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ተቃውሞአቸውን አወጡ፤ ሩበንሰንም እ.ኤ.አ. በ1966 መልስ ሰጡ። እኛ የሩበንሰን ማስረጃ ሚዛን ይደፋል ብለን እናምናለን። ለጽሑፋችን የሚጠቅመው ግን አሸናፊውን ማወቁ ሳይሆን ክርክሩ የተመራበት ሥርዓት ነው። ሁለቱም «ጥበቃ መጣል ግፍ ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ላይ አልተጨቃጨቁም። የተጨቃጨቁት የትኛው ቅጂ መጀመሪያ እንደተዘጋጀ፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማን እንደመለሰው፣ አንቶኔሊ ምን ያህል አማርኛ እንደሚያውቅ፣ አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ምን ድርሻ እንደነበራቸው ነበር። የቆሙት በአንድ ደረጃ ላይ ስለነበር ሊለያዩም ሊተራረሙም ቻሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ክርክር ሊካሄድ የቻለው የአማርኛው ቅጂ ስለነበረ ነው። ምኒልክ በአማርኛ የተጻፈ፣ እኩል ሥልጣን ያለው ሰነድ በእጃቸው ባይኖር ኖሮ፣ ተቃውሟቸው «ያልገባኝን ፈረምሁ» ከማለት አያልፍም ነበር። ስለዚህ የማስረጃ ጥያቄ የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ማን ጻፈ፣ በማን ቋንቋ ተጻፈ፣ የማን መዝገብ ቤት ጠበቀው የሚል የኃይል ጥያቄም ነው። ይህን በደንብ ለመረዳት ከምንኖርበት አገር ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

፬. በቦው ወንዝ ዳር የተፈረመ ሌላ ውል

በካልጋሪ በሚደረጉ ሕዝባዊ ስብሰባዎች መክፈቻ ላይ ምድሩ የሰባተኛው ውል ምድር መሆኑ ይነገራል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ አስተናጋጆቻችን ወግ ቆጥረን በጨዋነት እናዳምጣለን እንጂ፣ የውጫሌ ወንድም መሆኑን ልብ አላልንም።

ካልጋሪ እ.ኤ.አ. በ1875 የፖሊስ ምሽግ ሆና ተመሠረተች። ከሁለት ዓመት በኋላ መስከረም 22 ቀን 1877፣ ከዚህ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ብላክፉት ክሮሲንግ በተባለ የቦው ወንዝ መሻገሪያ፣ የሲክሲካ፣ የካይናይ፣ የፒካኒ፣ የሱትኢናና የስቶኒ ናኮዳ ሕዝቦች መሪዎች ከብሪታንያ ዘውድ እንደራሴዎች ከዴቪድ ሌርድና ከጄምስ ማክላውድ ጋር ውል ገቡ። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ መሠረት ሕዝቦቹ ወደ 130 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር ለቀቁ፤ በምላሹም ለእያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያ 12 ዶላር፣ ከዚያም በየዓመቱ 5 ዶላር፣ ለአምስት ሰው ቤተሰብ አንድ ካሬ ማይል ክልል ተመደበ። የሕዝቦቹ ሽማግሌዎች ግን የገባነው የሰላም ውል ነው፤ ምድሪቱን አብረን እንድንጠቀምባት ተስማማን እንጂ አልሰጠንም ይላሉ። አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው ጄሪ ፖትስ ለሥራው በቂ አልሆነም፤ ከአምስቱ ሕዝቦች ቋንቋዎችም ሁሉንም አያውቅም ነበር። «ምድርን መልቀቅ» የሚለው ሐሳብ ለሰሚዎቹ በምን ቃል እንደተነገራቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሁለቱን ውሎች እናስተያያቸው። በመካከላቸው ያለው ዕድሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት አይሞላም። ሁለቱም ላይ የአውሮፓ መንግሥት ኃይል ነበረ፤ ሁለቱም በአስተርጓሚ በኩል አለፉ፤ ሁለቱም ሲፈረሙ ሕዝቡ የሚኖርበት ከብት ወይም አውሬ እየጠፋ ነበር። የብላክፉት ሕዝብ ኑሮ የተመሠረተበት ጎሽ በ1879 ከካናዳ ሜዳዎች አልቆ ነበር፤ በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀንን አስከተለ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። በብላክፉት ክሮሲንግ የተጻፈው ሰነድ በአንድ ቋንቋ ብቻ ነበር። የአምስቱ ሕዝቦች «አማርኛ ቅጂ» በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ብቻ ቀረ፤ ያም ትዝታ ተሰብስቦ ከታሪክ ምሁራን ጋር በመጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ማለት የዓድዋ መቶኛ ዓመት በተከበረበት ዓመት ነው።

ከዚህ ንጽጽር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የውጫሌ ነገር የአንድ አታላይ መልእክተኛ ተንኮል ብቻ አለመሆኑን እናያለን፤ በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ይሠራበት የነበረ የውል አገባብ ዘዴ ነበረ። ሁለተኛ፣ የጽሑፍ ቋንቋ፣ መሣሪያና የተደራጀ መንግሥት የነበረው ሕዝብ ውሉን ማፍረስ ሲችል፣ ሌላው ለምን እንዳልቻለ እንጠይቃለን። ይህ ጥያቄ ከዓድዋ ክብር አንዳች አይቀንስም፤ ይልቁንም ክብሩ በምን ላይ እንደቆመ ያሳያል።

፭. ለምን ሆነ?

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ ደርሰናል። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ፌርናን ብሮዴል እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው ስለ ሜዲትራንያን በጻፈው ታላቅ ሥራ፣ ጊዜን በሦስት ንጣፍ ከፍሎ ማየትን አስተምሯል፤ ላይኛው የድርጊቶች ፈጣን ጊዜ፣ መካከለኛው የአሥርት ዓመታት ዑደት፣ ታችኛው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚለወጠው የምድርና የኑሮ ጊዜ። የመጽሐፉን ረቂቅ የጻፈው በጀርመኖች እጅ ምርኮኛ ሳለ ነበር። ከአገሩና ከመጻሕፍቱ ተለይቶ የሚጽፍ ሰው የድርጊትን ጩኸት አልፎ ወደ ጥልቁ ለመመልከት እንደሚችል ለስደተኛ ምሁር ጥሩ ምስክር ነው።

በላይኛው ንጣፍ ስናይ፣ በሚያዝያ 1881 ምኒልክ ገና ዘውድ አልጫኑም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ወራሼ ያሏቸው ራስ መንገሻ ትግራይ ውስጥ ነበሩ። ለንግሥናቸው ከውጭ የሚመጣ ዕውቅና ያስፈልጋቸው ነበር። በመካከለኛው ንጣፍ፣ ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1885 ምጽዋን ይዛ ነበር፤ በዚያው ዓመት የተደመደመው የበርሊን ጉባኤ የአፍሪካን ጠረፍ የሚይዝ መንግሥት ይዞታውን ለሌሎች እንዲያስታውቅ ደንግጎ ነበር፤ አንቶኔሊም ገና በ1887 በገባው ስምምነት ለሸዋ 5 ሺህ ሬሚንግተን ጠመንጃ ለመስጠት ቃል ገብቶ ነበር። ውል ማለት ለአንዱ ወገን የይዞታ ማስታወቂያ፣ ለሌላው የጠመንጃ በር ነበረ። በታችኛው ንጣፍ ደግሞ በሬ ያለቀበት፣ ማረስ ያቃተው ገበሬ አለ። ሠራዊት የሚኖረው ከገበሬ ጎተራ ነበር፤ ጎተራው ባዶ ሲሆን ንጉሥም ቢሆን ከሰሜን ጠረፍ ጦር ጋር ለመግጠም ዐቅም አይኖረውም። ስለዚህ ለልጅቱ ሊሰጣት የሚገባው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ ንጉሡ የፈረሙት በዚያች ወር ከሚያስፈልጋቸው ነገር አንጻር፣ በእጃቸው ባለው ዐቅም ተወስነው፣ ያነበቡት ቅጂም የመንግሥታቸውን ነጻነት የማይነካ ስለመሰላቸው ነው።

በዚህ መልስ ውስጥ ውዳሴም ክስም የለም። ስለዚህም ይመስለናል በአዳራሹ ውስጥ ማንም ሊሰጠው ያልፈለገው።

፮. ምን እንፍረድ?

ይህ ሲባል ግን ፍርድ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የውጫሌ ውል 3ኛ አንቀጽ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በኢጣሊያ ወገን አስገብቷል። ይህ እውነት ነው፤ በአዳራሹ «መረብ ምላሽ» ያሉት ሰውም ሕመማቸው ከዚህ ይነሣል። ከዓድዋ በኋላም ጦሩ ለምን መረብን ተሻግሮ አልገፋም የሚለው ጥያቄ ዛሬም ቤተሰብ ያለያያል። ነገር ግን ወደዚህ ፍርድ የሚወስደው መንገድ በሦስቱ ደረጃዎች ውስጥ ማለፍ አለበት። ስንቅ ያለቀበት ሠራዊት፣ ከክፉ ቀን ገና ያላገገመ አገር፣ በአዲሱ አዛዥ በባልዲሴራ እጅ የገባው ተጨማሪ ጦር፣ እስከ ግንቦት ወር ድረስ በኢጣሊያኖች እጅ የቆየው የአዲግራት ምሽግ፣ እነዚህ ሁሉ ከተመዘኑ በኋላ «መሻገር ነበረባቸው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ «አልነበረባቸውም» የሚልም እንዲሁ። ሁለቱም ፍርዶች ናቸው፤ ሳይመዘን የተሰጠ ፍርድ ግን ፍርድ ሳይሆን ወገን መያዝ ነው።

ይህ ማስጠንቀቂያ በእኛ አልተጀመረም። የዓድዋው ተወላጅ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 አስመራ ላይ በታተመው ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ታሪክ ለመጻፍ የተደረገውን የሚያስተውል አእምሮ፣ አድልዎ የሌለበት ፍርድና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልግ አመልክቶ ነበር። ቅደም ተከተሉን እንመልከት፤ ማስተዋል ይቀድማል፣ ፍርድ ይከተላል። ያም ጸሐፊ እንደ እኛ የባዕድ አገር ትምህርት የቀመሰ ሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ትምህርቱን ገና እንደ አዲስ መጥቀሳችን የእኛ ጉድለት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብን እናውቃለን። የመጀመሪያው «ፍርድ የሌለበት ድርጊት የለም፤ የትኛውን ድርጊት እንደምትመርጡ የሚወስነው ወገናችሁ ነው» የሚል ነው። እንግሊዛዊው ኢ. ኤች. ካር እ.ኤ.አ. በ1961 ታሪክ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ወደዚህ የተጠጋ ነገር አስተምሯል፤ እኛም እንቀበለዋለን። ወደ መዝገብ ቤት የሚገፋን ብዙ ጊዜ አራተኛው ጥያቄ ነው። ልጅቱንም ያስነሣት ስለ ቅጂዎች ያላት ጉጉት ሳይሆን፣ «እኔ የማን ልጅ ነኝ?» የሚለው የራሷ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥያቄው ከአራተኛው ደረጃ ተነሣ ማለት መልሱም እዚያው ይቀራል ማለት አይደለም። ዳኛም አዝኖ ወይም ተቆጥቶ ወደ ችሎት ሊገባ ይችላል፤ ምስክር ሳይሰማ ግን አይፈርድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «አገር እየተቃጠለ ስለ ጥያቄ ደረጃ ማውራት የስደተኛ ቅንጦት ነው» ይሉናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደውን ጦርነት ሁላችንም በውጭ ሆነን ተከታትለናል። በዚያን ጊዜ በስደት ከሚኖረው ማኅበረሰብ መካከል ታሪክን ጠቅሶ ያልተናገረ ጥቂት ነው። ዮሐንስ በምኒልክ ላይ፣ ምኒልክ በዮሐንስ ላይ፣ መተማ በዓድዋ ላይ ተጠቀሱ። እኛም ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ ነን አንልም። በእነዚያ ወራት ከተባለው ስንቱ በማስረጃ የተመዘነ ነበር? ስንቱስ በፍርድ ተጀምሮ በፍርድ ያለቀ ነበር? ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጨው ንግግር ሁልጊዜ ከአራተኛው ደረጃ ይጀምርና ወደ መጀመሪያው ሲወርድ የሚስማማውን ብቻ ይመርጣል። ቤት ሲቃጠል እሳቱ ከየት እንደተነሣ የሚጠይቅ ሰው ቅንጦተኛ አይባልም።

፯. ምን ማድረግ እንችላለን?

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት ሦስት ትሑት ሐሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመጽሔታችን ላይ የሚወጣ የታሪክ ጽሑፍ ሁሉ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሰጥ በመግቢያው ይግለጽ፤ ሐያሲም ጽሑፉን በራሱ ጥያቄ ይመዝነው እንጂ ሐያሲው በፈለገው ጥያቄ አይክሰሰው። ሁለተኛ፣ በመካከላችን የሚኖሩ አረጋውያን የሚያስታውሱት በድምፅ ተቀርጾ ይቀመጥ። ጎረቤቶቻችን የሰባተኛው ውል ሕዝቦች የሽማግሌዎቻቸውን ቃል ለመጻፍ ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቀዋል፤ እኛ ያን ያህል ጊዜ የለንም። በውጫሌ ዘመን በሬው የሞተበት ገበሬ ስለ 17ኛው አንቀጽ ያሰበውን የሚነግረን ሰነድ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የእኛ ዘመን ገበሬና ስደተኛ ግን እንዲሁ ሳይጠየቅ ማለፍ የለበትም። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ የዓድዋን በዓል ስናከብር፣ ከንግግሮቹ አንዱ ለጥያቄ ብቻ ይመደብ፤ ሰብሳቢውም መልስ የሚሰጠው ሰው ከመናገሩ በፊት የተጠየቀውን ደግሞ እንዲናገር ያድርግ።

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። እኛ ግን በመናገር የሚቀር ነገርም እንዳለ በዚያ ምሽት አየን። ያቺ ተማሪ ቀና የሆነ የሦስተኛ ደረጃ ጥያቄ ይዛ መጥታ በአራተኛ ደረጃ ጩኸት ተሸኘች። ይህን ጽሑፍ የምታነብ ከሆነ፣ ሰብሳቢ የነበርነው ሰዎች ሰዓት አልፏል ያልነው ሰዓት ስላለፈ ሳይሆን መልሱን በጊዜው ስላላዘጋጀን እንደነበር እንነግራታለን። በአምስተኛው ክፍል የጻፍነው ለእርሷ የዘገየ መልሳችን ነው። ስሕተት ካለበት በማስረጃ እንድታርመን እንጠይቃታለን፤ የሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ በር ክፍት ነው።